ያልተሰረዘው ክብ

ፎርማኑ በጓሮው በኩል፣ ከመሰላሉ ሥር፣ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። አናቱ ላይ ሦስት ጊዜ በመዶሻ ተመትቷል። የመጀመሪያው ምት ብቻ ይበቃው ነበር፤ የቀሩት ሁለቱ የንዴት ትርፍ ናቸው። መዶሻው ጸጉርና ደም እንደተጣበቀበት ከጎኑ ወድቋል። ከበላዩ ያለው አሸንዳ ግማሹ ተጠርጓል፣ ግማሹ ገና የዓመቱ ቅጠል እንደተጠቀጠቀበት ነው። ክረምት ሊገባ ስለሆነ በዚያ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ሰሞኑን ጣራው ላይ ነበር የሚውለው።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም። አጭርና ቀጭን ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መርፌ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፣ ቅር አይላትም። ሳጅኑ ከበር ተቀብሎ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን አበሰራት። ገዳዩ ጣሪያ ሠሪው ነው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ሲወጣ «አንድ ቀን ከዚህ ቤት ሬሳ ይወጣል!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶታል። ከምሳ በኋላ ሬሳው ሲገኝ ሰዉ ተነቃንቆ ወጣ፤ ሰውዬውንም ደም የነከረው ሸሚዝ እንደለበሰ መንገድ ላይ አገኙት። በዱላ ጀምረው በድንጋይ ጨረሱ። አሁን ሆስፒታል ነው፤ አንድ ዓይኑ ፈስሷል፣ መንጋጋው ደቅቋል። የሆስፒታሉን በር ደግሞ ሌሎች ሰዎች ከበው ሥራውን እንጨርስ እያሉ ነው።

«ቃሉን ሰጠ?» አለች መርፌ።

«በምኑ ይናገራል? መንጋጋ የለውም እኮ።»

«ያለቀለት ነው ያልከኝ ለዚህ ነዋ» አለችና ወደ ጓሮ አለፈች።

ለማለፍ ግን በሩ ላይ የተቀመጠች ሴት መዝለል ነበረባት። የጣሪያ ሠሪው ሚስት ናት። የባሏን አንድ እግር ጫማ ታቅፋ ይዛለች፤ ሌላው የት እንደወደቀ አታውቅም። አላለቀሰችም፤ የመርማሪዋን ቀሚስ ጫፍ ብቻ ያዝ አደረገች።

«ሐኪሙ አላውቅም ነው የሚለኝ» አለች። «ከሞተም ይሙት እሺ። ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ግን አይሙትብኝ። ልጆቹ እዚህ ሰፈር ነው የሚያድጉት።»

መርፌ ምንም ቃል አልገባችላትም። ቃል መግባት አትወድም።

ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ከራሱ ሥር ያለው ጠጠር ጥቂት ደም ነካው እንጂ አልራሰም። የሰው አናት ሲፈነከት ምን ያህል እንደሚደማ በሥራዋ ብዙ አይታለች፤ እዚህ የተፈነከተ ሰው ግን የለም። ሰውዬው የተገደለው ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ እጆቹን ገልብጣ አየች። ጥፍሩ ሥር ዝገትና የበሰበሰ ቅጠል ገብቷል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ አንድ አዲስ ቆርቆሮ ተወርውሮ ተጣሟል። ጠርዙ ላይ ደም ደርቋል። ሳጅኑን ሆስፒታል እንዲደውል አዘዘችው፤ የጣሪያ ሠሪው ክንድ ከክርን እስከ አንጓው በስለት እንደተሰነጠቀ ተነገረው። የሸሚዙ ደም የራሱ የሰውዬው ነበር።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ታናሽ ወንድም ነው። መሰላል ሊዋስ መጥቶ ሬሳውን ያገኘውና ጮሆ ሰፈሩን የጠራው እሱ ነው። ቤቱ ከአጥሩ ባሻገር ነው፤ ጣራው ከአምና ወዲያ ነፋስ ገልጦት ላስቲክ ለብሷል። ሰፈሩ «ነገ» ይለዋል፤ መቼ ትጠግነዋለህ ሲሉት የሚሰጠው መልስ እሱ ነው።

«ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ ጋሼ?»

«ይመታል» አለ ነገ። «ሰውንም ምስማርንም እኩል ነው የሚመታው። አምና አካፋውን ከነጭቃው መለስኩለትና ይኸውልሽ።» ከንፈሩን ገልጦ ሁለት የጎደሉ ጥርሶቹን አሳያት።

«ታዲያ እርስዎ አልገደሉትም?»

«ስንቴ አስቤው ነበር መሰለሽ፣ እህቴ። ግን ሰፈሩን ጠይቂ፤ እኔ ምኑን በቀኑ ሠርቼው አውቃለሁ።»

ስለ ቤቱ ልማድ የነገራትም እሱ ነው። ሟቹ ዕድሜውን የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ የሚያዝዘው ሰው አጣና ቤቱን የግንባታ ቦታ፣ ሚስቱንና ልጁን የቀን ሠራተኛ አደረጋቸው። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ጣራው ላይ በጎማ ውሃ ይለቀቃል። አንድ ሰው ጠመኔ ይዞ ሳሎን ይቆማል፣ ኮርኒሱ ላይ ውሃ ጠብ ባለበት በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ጠመኔ ክብ ያደርጋል። ቀዳዳው ተደፍኖ ውሃው ዳግም ተለቅቆ አላፈስስ ሲል ክቡ በመስቀል ይሰረዛል። ሁሉም ክብ ካልተሰረዘ በዚያ ቤት የቀለም ቆርቆሮ አይከፈትም። አንድ ዓመት ሚስቱ ቸኩላ አንዱን ግድግዳ ቀድማ ብትቀባ ቀለሙን በጥፍሯ አስፍቋታል።

ሚስትየው ጓዳ ተቀምጣለች፤ ቀኝ እጇ በሻርፕ ተጠቅልሏል። በር እንደያዛት ተናገረች። ባሏ ጠዋት የሳሎኑን ግድግዳ ቀብቶ ሲጨርስ አሸንዳውን ሊጠርግ እንደወጣ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳላየችው ደግሞ ሳትጠየቅ ጨመረች። መርፌ ሻርፑን ቀስ አድርጋ ፈታችው። ሁለት ጣቶች ወደማይታጠፉበት ታጥፈዋል፤ ቆዳው ተሰንጥቆ ሥጋው ይታያል። በስንጥቁ ውስጥ ነጭ ዱቄት ገብቷል። በጣቷ ነካችው። የዘንጉ ጫፍ ላይ ሲታሰር የተረፈ፣ በመዳፏ ይዛው የነበረ ጠመኔ ነው፤ አጥንትና እሱ አብረው ተፈጭተዋል።

«በሩ ነው» አለች ሴትየዋ እንደገና።

«እናቴ፣ በር ጠመኔ አይፈጭም።»

ሴትየዋ ሻርፑን በግራ እጇ መልሳ ጠቀለለችው። መርማሪዋ ሟቹን ለአፍታ ጠላችው፣ ግን ሥራዋ ጥላቻ አልነበረም።

ልጅቷም የእናቷኑ ቃል ደገመች። ሠላሳ የሞላት፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ጸጉሯን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ያስደፋች ሴት ናት። አባቴ ቀባ፣ አባቴ ወጣ፣ እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር አለች። ድምፅዋ ምንም አልተንቀጠቀጠም። በሩ ላይ ወደተቀመጠችው ሴት ግን አንዴም ቀና ብላ አላየችም።

መርፌ ሳሎን ገባች። የቀለሙ ሽታ ገና አፍንጫ ይሰነፍጣል። ኮርኒሱ በአሮጌ ክቦች ተዥጎርጉሯል፤ ሁሉም መስቀል አላቸው። ሟቹ አያጠፋቸውም ነበር፣ እንደ ሜዳልያ ይቆጥራቸዋል። ከመስኮቱ በላይ ካለው ጥግ ያለው አንድ ክብ ብቻ አልተሰረዘም። ከሱ ሥር ያለው ግድግዳ ደግሞ ትኩስ ነጭ ነው፤ ከወለሉ አንሥቶ የሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ጥቂት ነጭ ጠብታ አለ። ቀለም ቀቢ ሁሉ ወለል ላይ የሚያነጥፈው ላስቲክ ግን በቤቱ ውስጥ የለም።

ወደ ዕቃ ቤቱ ስትገባ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። እያንዳንዱ ዕቃ ቅርጹ ግድግዳው ላይ ተስሎ በቦታው ተሰቅሏል፤ የመዶሻው ቅርጽ ብቻ ባዶ ነው። ብሩሾቹ ጸጉራቸው ወደ ታች ሆኖ በምስማር ላይ ይንጠለጠላሉ። አንዱ እርጥብ ነው። በደንብ ታጥቧል፣ ተጨምቋል፣ ጸጉሩ ተስተካክሎ እንዳይበተን በክር ታስሯል። አባወራው ሞቶ፣ ሰፈር ተነሥቶ፣ ሰው በድንጋይ እየተቀጠቀጠ፣ በዚህ ቤት አንድ ሰው ብሩሽ አጥቧል። መርፌ በመስኮቱ ወደ ነገ ግቢ አሻግራ አየች። እዚያ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ እንደቆመ የደረቀ ብሩሽ ነበር፤ ዱላ ሆኗል።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ሚስትየዋን፣ ልጅቷን፣ ነገን። የጣሪያ ሠሪውን ሚስትም ከበሩ አስነሥታ አስገባቻት። ሴትዮዋ ጫማውን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የጎደለው ሳጅኑ ብቻ ነበር። የውሃውን ጎማ ይዞ ጣራው ላይ ወጥቷል፤ ቆርቆሮው በእግሩ ሥር ይንኳኳል።

«ፎርማኑ የሞተው ጓሮ አይደለም» አለች መርፌ። «ጠጠሩ ደረቅ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ተገድሎ፣ በቀለም ላስቲክ ተጠቅልሎ ተጎተተ፤ ላስቲኩ የጠፋው ለዚህ ነው፤ መዶሻውም አብሮ ተጠቅልሎ ሳይታይ እዚያ ወደቀ። መሰላሉ ሥር የተኛው ወድቆ ሞተ እንዲባል ነበር። ሦስት ምት ግን መውደቅ አይባልም።»

ወደ ነጩ ግድግዳ ዞረች።

«ይህን ግድግዳ ፎርማኑ ቀባው ተብያለሁ። እጁ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ቀለም የለም፣ ዝገት ብቻ ነው ያለው። ደግሞ ቀና በሉ።» በጣቷ ወደ ኮርኒሱ አመለከተች። «ያ ክብ አልተሰረዘም። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ የሚደፍነው ሰውዬ ክንዱን በቆርቆሮ ተተርትሮ ሄዷል። ጋሼ፣ ወንድምዎ ክብ ሳይሰረዝ ሥሩን ይቀባ ነበር?»

«ቢሞት አይቀባም» አለ ነገ፤ ወዲያው ያለው ነገር ገባውና አንገቱን ደፋ።

«ስለዚህ የቀባው ሌላ ሰው ነው። የቀባውም ክረምት ስለመጣ አይደለም።» ወደ መስኮቱ ሄዳ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ልቀቀው!»

ውሃው ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ሁሉም ሳያስቡት ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጡ፤ እናትና ልጅም በየዓመቱ እንደሚያደርጉት አንጋጠጡ። ያልተሰረዘው ክብ መሐል አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። ወረደች። ሌላ ተከተላት። ከዚያ ውሃው መንገዱን አግኝቶ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ፈሰሰ። ገና ያልጠነከረው ነጭ ቀለም አብጦ ተላጠና እንደ እርጎ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ከሥሩ ግድግዳው ቡናማ ነበር። ውሃው ሲነካው ቀላ፤ ከመስኮቱ ደፍ እስከ ትከሻ ቁመት ድረስ የተረጨው ሁሉ አንድ በአንድ ወጣ።

የጣሪያ ሠሪው ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው። ተነሥታ ቆመች። «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እሷን ተዉአት።»

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አለች መርፌ በለሆሳስ። «የእርስዎ እጅ የተሰበረው ጠመኔ እንደያዘ ነው፤ ውሃው ከተለቀቀ በኋላ፣ እሱ በሕይወት እያለ። በዚያ እጅ ሬሳ አይጎተትም፣ ግድግዳ አይቀባም። ብሩሽ ደግሞ በአንድ እጅ ተጨምቆ በክር አይታሰርም። ጋሼ ነገ ብሩሽ አጥቦ አያውቅም። ጣሪያ ሠሪው ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር፣ ሰዎች እየገደሉት።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ብሩሹን ለምን አጠብሽው?»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ገባት። ሌላውን ሁሉ ልትክድ ተዘጋጅታ ነበር መሰል። ይህን ግን አላሰበችበትም። በጣቷ ጸጉሯን ከቀኝ ጆሮዋ ላይ ገለጠችው። ጆሮው የላይኛው ግማሹ የለም።

«ልጅ ሆኜ አንዴ ሳላጥበው ረሳሁት» አለች።

ከዚያ የቀረውን ሁሉ እዚያው ነገረቻቸው። ጣሪያ ሠሪው ቀዳዳው በአንድ ቀን አይደፈንም ስላለ አባቷ ቆርቆሮ ወረወረበት። ሰውዬው ሲሄድ ንዴቱ አልወጣለትም። ገባና ሚስቱን ክቡን ለምን አሳነሽው ብሎ ጠየቃት። እጇን ጠመኔውን እንደጨበጠ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ መታው። መዶሻውን አስቀምጦ ክቡን እንደገና ሊያይ ቀና አለ። ልጅቷ አነሣችው። የመጀመሪያው ምት ለእናቷ እንደነበር ታውቃለች፤ ስለ ሁለቱ ግን ምንም አታስታውስም።

የጣሪያ ሠሪው ሚስት ከግድግዳው ተላቅቃ ወደ ልጅቷ ተጠጋች። ሳጅኑ ከጣራ ወርዶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሊይዛት ሲል መርፌ በዓይኗ ከለከለችው።

«በዚህ በር ፊት ነው የጎተቱት» አለች ሴትየዋ። «ስሜን እየጠራ ነበር። ሰማሽው?»

«ሰማሁ።»

«አንድ ቃል ብትናገሪ ዓይኑ ይተርፍ ነበር። የት ነበርሽ?»

ልጅቷ የእርጥቡን ግድግዳ ደም አየች፤ ከዚያ እጆቿን አየች።

«ቧንቧው ጋ» አለች። «ብሩሹን እስክጨርስ ብዬ።»

ሴትየዋ አልመታቻትም። ጫማውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወጣች፤ ባሏ ጆሮ ላይ የምትናገረው ነገር አግኝታለች። መርፌ ሳጅኑን ሆስፒታሉ በር ላይ ያሉትን ሰዎች እንዲበትን፣ የመቱትንም አንድ በአንድ ስማቸውን እንዲይዝ አዘዘችው። ልጅቷን ራሷ ክንዷን ይዛ አወጣቻት።

ከግቢው ሳይወጡ ከኋላቸው ድምፅ ሰምተው ዞሩ። እናትየው ዕቃ ቤት ገብታ ነበር። የቀለሙን ቆርቆሮ ክዳን በግራ እጇ ታግላ ከፈተችው። ከምስማሩ ላይ የቀሩትን ብሩሾች አንድ በአንድ እያወረደች እስከ እጀታቸው ነከረቻቸው። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው ቦታ፣ እንዲደርቁ ጣለቻቸው።