ውርንጭላውን የምታጠባው

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም... የደረሰባት ሴት ግን ዛሬም ቡሬ አለች።

ወሩ ሐምሌ ነው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ሀብትነሽ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብላ ነው። ባለጋሪዎች አረጀ፣ አነከሰ ብለው መንገድ ላይ የሚጥሏቸውን ፈረሶች እየሰበሰበች ታስታምማለች። ጎረቤቱ "አብዳለች" ይላታል። ለምዳዋለች።

ያን ሰሞን ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

በፍኖተ ሰላም መንገድ አንዲት ባዝራ መኪና ገጭቷት ሞተች። ሀብትነሽና ወንድሟ ወንዳወቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት። ገና ያልጠናውን ውርንጭላዋን ወደ ግቢ አመጡት።

አልጠባም አለ።

የላም ወተት አቅጥና፣ አሙቃ በጡጦ ሰጠችው... ተፋው። በጣቷ ልታስልሰው ሞከረች... ነከሳት።

"ጠጣ እንጂ! ምን ላድርግህ?"

ከንዴቷ ብዛት ጡጦውን ከግድግዳ ጋር አላተመችው።

ዛሬ ነገ ይሞታል ስትል...

ወፈረ።

ሆዱ ሞላ። ጸጉሩ አማረ። ጠዋት ጠዋት ከንፈሩ ላይ የወተት አረፋ ታያለች።

ግቢው ውስጥ ግን አንዲትም ባዝራ የለችም። ያሉት ሁሉ ወንድ ፈረሶች ናቸው።

"የማን ባዝራ ናት አጥር ጥሳ የምትገባው?" ብላ ቀዳዳውን ሁሉ በእሾህ ደፈነችው።

ለውጥ የለም።

ደግሞ ሌላ ነገር... ፈረሶቹ የጋጣውን አንድ ጥግ ባዶ ትተው፣ ተጨናንቀው መቆም ጀመሩ።

በዚያ የሐምሌ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ወንዳወቅ ከአጥሩ ሥር ሆኖ በእጁ ጠራት።

"እቴ... ቀስ ብለሽ ነይ።"

"ምንድን ነው?"

"ዝም በይ... ተመልከች።"

ውርንጭላው ግቢው መሃል ቆሟል። አንገቱን አንጋጦ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ይጠባል።

ባዶ አየር።

ሲውጥ ይሰማል። ወተቱ በአገጩ ይንጠባጠባል።

"በስመ አብ..."

ዝናቡ ወረደ። ግቢው ባንዴ ጭቃ ሆነ።

ውርንጭላው ግን አልረጠበም። አጠገቡ ያለው መሬትም... አንድ ፈረስ የሚያቆም ያህል ስፋቱ ደረቅ ነው።

"እንውጣ እቴ... እንውጣ!"

ሀብትነሽ አልሰማችውም። ፍርሃቷን ንዴቷ በለጠው።

"ይኸን ሁሉ ስለፋ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?!" ብላ ወደ ደረቁ መሬት ጮኸች።

ውርንጭላው መጥባቱን አቆመ።

ደረቁ መሬት ተንቀሳቀሰ...

ወደ እሷ።

ወንዳወቅ አጠገቧ ቆሞ በዝናብ ይበሰብሳል።

እሷ ላይ ግን ዝናቡ ቆመ... ከራሷ በላይ የሆነ ነገር በረጅሙ ሲተነፍስ ነጠላዋ ተርገበገበ።