የአራሚው የመጨረሻ ቃል

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ሟቹ ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ ነበር።

ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ቆሟል። ስክሪኑና ኪቦርዱ እንደ መጽሐፍ ተከፍተው በመካከላቸው ነጭ ወረቀት ገብቷል። ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ በሥርዓት ተጠቅልሏል፤ መስኮቱም ነፋስ እንዲገባ ተከፍቷል። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈ ሞቷል። ቀኝ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል፤ በኮቱ የውስጥ ኪስ የልብ ኪኒን ነበር።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ልቡ ነው» አለ። «ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ። ወዲያው አልጣለውም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ታግሏል። አንዲት ፍሬ ከምላሱ ሥር ቢያደርግ ኖሮ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር። ቁስል የለ፣ መርዝ የለ። ብቻውን የሚኖር ሰው ብቻውን ሞተ ብለሽ ልትዘጊው ትችያለሽ።»

«ብቻውን ከሞተ» አለች መርማሪዋ «ላፕቶፑን ማን አቆመለት?»

ሟቹ ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ሲናገር እንኳ ነጠላ ሰረዝ በሚገባበት ቦታ ቆም ስለሚል የሕንፃው ሰው «ጋሽ ሰረዝ» ይለዋል። ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት አንድ ትልቅ የግስ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ኖሯል። ሥራው በሙሉ ያለው በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ወደ ክፍሉ የሚወጡት ሰዎች አራት ብቻ ነበሩ፤ የእህቱ ልጅ፣ ከታች የምትኖረው ጡረተኛ አስተማሪ፣ የድሮ ባልደረባው መጽሐፍ ጠራዥ፣ አንዳንዴ ደግሞ የኮምፒውተር ጠጋኙ።

መርማሪዋ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ጎንበስ አለች። አምስት ወረቀቶች ነበሩበት። የመጀመሪያው በሻይ ርሶ ቡናማ ሆኗል። ሁለተኛው ትንሽ ይሻላል። አምስተኛው ላይ የቀረው ጠርዙን የነካ ፈዛዛ እድፍ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ስድስተኛ ወረቀት ደረቅ ነው። ከዚያ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደች። ሁለት ኩባያዎች ታጥበው ተደፍተዋል። መርማሪዋም ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ አንድ ኩባያ ብቻ የሚታጠብበት ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

የእህቱን ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አስከሬኑን ጠዋት ያገኘችው እሷ ናት።

«ኮቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ ሳትጠየቅ። «አጎቴ ሁልጊዜ ወንበሩ ላይ ነው የሚያንጠለጥለው፤ እጁ እንዲደርስበት። ትናንት ጠዋት ቤቱን ሳጸዳ ‹ደግሞ ይሄ ኮት!› ብዬ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ይንገሩኝ፤ እኔ ነኝ ወይ የገደልኩት?»

«እስካውቅ ድረስ አልመልስልሽም። ሳውቅ ደግሞ አልዋሽሽም። ኪኒኑ ኮቱ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። አምና ሲያመው ከኪሱ አውጥተው ከምላሱ ሥር ያደረጉለት ጋሼ ጠራዡ ናቸው።»

«ላፕቶፕ ላይ ሻይ ቢደፋብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «ሩዝ ውስጥ እከተዋለሁ። ስልኬን እንደዚያ አድርጌው ነበር።»

«ዳነልሽ?»

«ሩዙን በላነው፤ ስልኩን ጣልነው።»

የጠጋኙ ሱቅ ሁለት ሰው በቅጡ አያስቆምም። ጠጋኙ ላፕቶፑን ገልብጦ ጥቃቅን ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየፈታ ቡሽ ክዳን ውስጥ ይደረድራል።

«ሩዝ ለምሳ ነው ኢንስፔክተር» አለ ሳቅ ብሎ። «ሻይ ሲደፋ መጀመሪያ ገመዱን መንቀል፣ ማጥፊያውን ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ እንደ ድንኳን አድርጎ በአፉ መድፋት ነው። ሻዩ በገባበት ይወጣል። ባትሪውን ነቅሎ ለእኔ ማምጣት። እዚህ ግን ምን እንደተደረገ ይመልከቱ። በጎኑ ስላቆሙት ሻዩ ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ እዚያው ደረቀ። ይህን ያደረገው ሰው ማሽኑን ይወደዋል፤ ግን አያውቀውም።»

«ይድናል?»

«ኪቦርዱ ሞቷል። ቦርዱን በአልኮል አጥበዋለሁ። ጽሑፉ ያለበት ክፍል ግን ደህና ነው። ነገ ጠዋት አበራልዎታለሁ። ጋሽ ሰረዝ አንድም ስህተት አይተው አያልፉም ነበር፤ የሱቄን ታፔላ እንኳ ሁለት ጊዜ አርመውልኛል።» ሳቁን ዋጠው። «ነፍሳቸውን ይማር።»

አስተማሪዋ በሯን ከፍታ ጠበቀቻት። ክፍሏ ከሟቹ ክፍል በታች ነው፤ የእሱ ወለል የእሷ ጣሪያ።

«ግቢ ልጄ። ስለ ትናንት ከሆነ ምንም አላየሁም። ድምፁን ግን ሰምቻለሁ፤ እሱን ያልሰማሁበት ቀን መች አለ!»

«ምን ሰሙ?»

«ያው ልማዱን ነዋ። ጮክ ብሎ ግስ ያረባል፤ እየተንጎራደደ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ትንሽ ጋደም እላለሁ፤ ያንን ሰዓት አይለቅም። ትናንት ደግሞ ‹አድነኝ› ይላል። ዝም ይልና ደግሞ ‹አድነኝ›። እርምጃም ከላይ ይሰማኛል፣ ወዲህ ወዲያ። ሲበዛብኝ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ደበደብኩት። ዝም አለ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ግስ ሲያረባ ስንት ድረስ ነው የሚሄደው?»

«እኔን፣ እኛን፣ እሱን፣ እሷን፣ እነሱን። አምስቱን ሳይጨርስ የሚያቆም ሰው አልነበረም። እኔማ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ትናንት ስንቱን አለ?»

አስተማሪዋ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ አውራ ጣቷ ላይ ቆመች። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«አንዱን» አለች። «አንዱን ብቻ።»

መርማሪዋ ጠራዡ ዘንድ ስትደርስ ገና አልመሸም ነበር። ሽማግሌው ሙጫ በጠገበ ሽርጡ ላይ እጁን እየጠረገ ተቀበላት። ጠረጴዛው ላይ ቀይ የቆዳ ሽፋን ተዘጋጅቷል፤ የግሱ መጽሐፍ ስም በወርቅ ቀለም ታትሞበታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው።

«ወር ሆኖኛል ካየሁት» አለ ጠራዡ። «ሽፋኑ ከተዘጋጀ ዓመት አለፈው። ‹ቆይ፣ አንዲት ቃል ቀረችኝ› ይለኛል። እንደ ወንድሜ ነበር።»

መርማሪዋ ግን ወደ መደርደሪያው እያየች ነበር። አንድ ወፍራም መጽሐፍ በጎኑ ቆሞ ገጾቹ ተከፋፍተዋል፤ በመካከላቸው ነጭ ወረቀት ገብቷል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ውሃ ነክቶት። ውሃ የነካው መጽሐፍ ተኝቶ አይደርቅም ልጄ፤ መቆም አለበት። መሀሉ ወረቀት ታስገቢለታለሽ፤ በየአሥር ደቂቃው ትቀይሪለታለሽ። ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዴ ከጀመርሽ ጥለሽው አትሄጂም።»

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ። «በደንብ አስረዱኝ።»

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቷ ኮቱን ላለማየት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ጠጋኙ ሌላ ኪቦርድ የሰካበትን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አበራው።

«ከኩባያዎቹ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ሁለት ታጥበዋል፤ እንግዳ ነበረ ማለት ነው። እንግዳው የሚታወቅ ሰው ነው፤ ተከፍቶለት ገብቷል፣ ሻይ ቀርቦለታል። ሲወጣ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው፤ በሩ ራሱን ይቆልፋል። አሁን ወደ ላፕቶፑ። ሻይ ተደፍቶበት አንድ ሰው ሊያድነው ሞክሯል። ጠጋኙ ቢሆን ገልብጦ ይደፋው ነበር። የእህት ልጅ ብትሆን ሩዝ ውስጥ ትከተው ነበር።»

«እኔ ደግሞ ጮኼ አንቺን እጠራ ነበር» አለች አስተማሪዋ ወደ ልጅቷ እያየች።

«እርስዎ ከታች ነበሩ፤ መጥረጊያውን ይዘው። የሚንጎራደደው ሌላ ሰው ነው፤ የሚያረባ የመሰለዎት ሰው መሬት ላይ ነበር።» መርማሪዋ ወደ ጠራዡ ዞረች። «ላፕቶፑን እንደ መጽሐፍ በጎኑ አቁሞ መሀሉ ወረቀት የሚያስገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሰው እጅ ሲደነግጥ የሚያውቀውን ይሠራል።»

ጠራዡ ወደ ቅርጫቱ አየ።

«ቅርጫቱ ውስጥ አምስት ወረቀት አለ። በየአሥር ደቂቃው እንደሚቀየር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ሃምሳ ደቂቃ ያህል እዚህ ነበሩ ማለት ነው። ላፕቶፑ የጠፋው ዘጠኝ ከሠላሳ አንድ ላይ ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ሟቹ ደብዳቤ ጽፎ አስቀምጧል። አንብብልን።»

ጠጋኙ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «‹መጽሐፉ አልቋል። በወረቀት አይታተምም፤ ማንም በስልኩ በነጻ ያንብበው። ጠራዡ ወዳጄ ይቅር ይበለኝ።›»

«ይህን ራሱ ነው ያሳየኝ» አለ ጠራዡ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ዓመት ሙሉ ሽፋኑን እየወለወልኩ! ጮህኩበት። ደረቱን ያዘ፣ ሻዩ ተደፋ። ግን አድነው ነው ያለኝ። ማሽኑን አድነው! የአሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ነው እኮ፤ እሱ ቢሞት እንኳ—»

«እጁ ወደ ኮቱ ነበር የተዘረጋው።»

«አድነው ነው ያለኝ!»

«‹ው› አልሰማሁም» አለች አስተማሪዋ። «‹ኝ› ነው። ሁለት ጊዜ። እኔ እግዜር ይይልኝ፣ ‹ኝ› ነው የሰማሁት።»

ጠራዡ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«‹ኝ› ነበር» አለ። «ቢድን መጽሐፉን ሳይታተም በየስልኩ ይልክብኝ ነበር። ሦስተኛውን ወረቀት ስቀይር ዝም አለ።»

«ታዲያ ለምን እስከ አምስት?»

«ገና እርጥብ ነበራ።»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ሄደች። «ጠይቀሽኝ ነበር። ኮቱ ከእሱ ሦስት እርምጃ ነው የነበረው። ጠራዡ መስኮት ሊከፍት ሄዷል፣ ኩባያ ሊያጥብ ሄዷል፣ ኪኒኑ የት እንዳለም ያውቃል። አንቺ አይደለሽም።»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እኔስ?» አለች አስተማሪዋ በቀስታ። «መጥረጊያውስ?»

መርማሪዋ ጠራዡን ክንዱን ይዛ ወጣች፤ ጠጋኙም ቦርሳውን አንግቶ ተከተላቸው።

ሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀሩ። ልጅቷ ኮቱን ከምስማሩ አውርዳ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችው፤ ትከሻውንም በእጇ አስተካከለች።

«ተከፍቷል አይደል መጽሐፉ?» አለች አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ። «እኔ ታች እወርዳለሁ። አንቺ ያቺን ቃል ፈልጊና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ የአስተማሪዋ እርምጃ ከደረጃው እስኪጠፋ፣ ከታችም በር እስኪዘጋ ጠበቀች። ቃሏን አገኘቻት።

«አድነኝ» ብላ አነበበች። «አድነን። አድነው። አድናት። አድናቸው።»

ቆማ አዳመጠች። ከታች ማንም አላንኳኳም።