ያልተነቃነቀ ብቻ ይቀራል

ይሄን የምነግራችሁ የሰው ወሬ ሰምቼ አይደለም። የሰማሁትማ ቢሆን አጣፍጬ ነበር የማወራው፤ ሰፈሩ ያውቀኛል። ይሄኛው በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን ሞልታዋለች።

እኔ ፊደል ብዙም አልገፋሁም። እያወራሁ የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትል አስምያታለሁ።

ልጅቷ የልጅ ልጄ ናት። ከመቅጠኗ የተነሳ ጭራሮ ነው የምላት።

እናቷ፣ ማለት የኔ ልጅ፣ አምና ነው የሞተችብን። በሽታው ፊቷን ነው የበላው... እጄን ይዛ "እንዲህ ሆኜ ልጄ እንዳታየኝ፣ አደራ" ብላ ለመነችኝ። እኔም ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምኩ። ጭራሮ በሩን በጥፍሯ እየቧጨረች አለቀሰች።

አላስገባኋትም።

ለቀብሩ ፎቶ ሲፈለግ ጠፋ። ልጄ ድሮም ካሜራ ካየች መዳፏን ፊቷ ላይ ትለጥፋለች። የሠርጓን ፎቶ ያየ ሰው፣ ሙሽራው መዳፍ ያገባ ነው የሚመስለው።

ጭራሮ ፎቶ ማንሳት ልማር ብላ የተነሳችው ለዚህ ነው።

"ፊቷ እየጠፋብኝ ነው እማማ" አለችኝ። "ከእንግዲህ ማንም ፎቶ ሳይኖረው አይሄድብኝም።"

በምን አቅም? ካሜራ የለ፣ የሚከፈል የለ። ያለው የእናቷ ስልክ ነው፤ እሱም መስታወቱ ተሰንጥቋል። ብቻ ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚያስተምር ሰውዬ አገኘች። ትምህርቱን የምታወርደው በልብስ ሰፊዋ ዋይፋይ ነው። እኔ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ የሰው ስም ሳነሳና ስጥል፣ እሷ ጥግ ይዛ ታወርዳለች።

"እማማ፣ ገና ግማሽ ነው" ትለኛለች በጆሮዬ። "ሌላ ሰው እሚ።"

"ማንን ልጨምር? ሰፈሩን ጨረስኩት እኮ።"

ከኬክ ካርቶን ነጩን ቆርጣ ብርሃን መመለሻ አደረገችው። አንሶላዬን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ስልኩን አሸዋ የሞላ ጣሳ ላይ ሰካችው። ሰውዬው "መስኮት ካላችሁ ስቱዲዮ አላችሁ" ብሏል አሉ።

ያን ቀን የቤት ሥራዋ ለየት ያለ ነበር። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ብዙ ይቆያል። በዚያ መሃል የተነቃነቀ ሰው ይጠፋል... ፎቶው ላይ የሚቀረው ያልተነቃነቀው ብቻ ነው።

"ምላስሽም ጭምር እንዳይነቃነቅ" አለችኝ።

መስኮቱ ስር አስቀመጠችኝ። ከጎኔ የእናቷ ወንበር አለ። ማንም አይቀመጥበትም።

እኔ ደግሞ መች ዝም ብዬ አውቃለሁ? የልብስ ሰፊዋን አከራይ ጉድ ጀመርኩላት። አፌም እጄም ሠራ።

ስልኩ ቀጭ አለ።

ጭራሮ አየችው። አምጥታ ሰጠችኝ።

እኔ የለሁም። በኔ ቦታ እንፋሎት የመሰለ ነገር ብቻ...

ከጎኔ ግን፣ ወንበሩ ላይ፣ ሴት ተቀምጣለች። ጥርት ብላ። የሹራቧ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል።

መዳፏ ፊቷ ላይ ነው።

"እማማ..." አለች ጭራሮ በሹክሹክታ። "ያልተነቃነቀ ብቻ ነው የሚወጣው።"

ከሞተ ሰው በላይ ማን ረግቶ ይቀመጣል?

ወንበሩን ዳሰስኩት። ባዶ ነው። ጨርቁ ግን ሰው አሁን የተነሳበት ያህል ሞቋል... ፀሐይዋ ደግሞ ወለሉ ላይ እንጂ ወንበሩ ላይ አትደርስም።

"ድገሚው" አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ደገመችው። አሁን መዳፏ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ግንባሯ ታየ።

ጭራሮ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። "ግንባሯን ረስቼው ነበር... እማማ፣ ፊቷን ልትሰጠኝ ነው።"

ስልኩን በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጀችውና መጥታ ወንበሩ ስር ቁጭ አለች። ድሮ እናቷ ፀጉሯን ስትሠራት እንደምትቀመጠው፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

እኔም አፌን ገጠምኩ። በዕድሜዬ ዝም ያልኩት ያኔ ነው።

ምንም ድምፅ የለም። ዝንብ እንኳ የለም...

ከዚያ ጭራሮ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፦

"እማማ... መጋረጃውን ዘጋሽው?"

ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ናት። ዓይኗም እንደተገለጠ ነው።

"አልዘጋሁም።"

"ጨለመ እኮ።"

ቀጭ።

ጉልበቴን ረስቼ ዘልዬ ስልኩን አነሳሁት።

ልጄ ወንበሯ ላይ ናት። መዳፏ ፊቷ ላይ የለም።

መዳፏ የጭራሮ ዓይን ላይ ነው። ከኋላዋ ሆና፣ ጥብቅ አድርጋ ሸፍናታለች።

ፊቷን አየሁት... ያንኑ የመጨረሻውን ቀን ፊት። ሞታም አልተሻላትም። ቀና ብላ እኔን ነው የምታየኝ፤ ያኔ እጄን ይዛ ስትለምነኝ እንዳየችኝ።

"ወጣ? ፊቷ ወጣ?" ጭራሮ ወለሉን በእጇ ትዳብሳለች። "አሁንም ጨለማ ነው። ንገሪኝ እንጂ።"

ወሬ ሆዴ ውስጥ አድሮ አያውቅም።

"አልወጣም" አልኳት።

ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ ብዬ፣ በሹክሹክታ፦ "አላሳያትም የኔ ልጅ። አደራሽን አልበላሁም። ልቀቂያት።"

ትንሽ ቆየ...

"በራ" አለች ጭራሮ።

ተነስታ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። መደበቅ አልቻልኩም። አብረን አየነው።

ያው ፎቶ ነው። እኔ አለሁ። ጭራሮም አለች። እናቷም አለች... መዳፏን መልሳ ፊቷ ላይ አድርጋ።

"እንደ ልማዷ" አለች ጭራሮ። ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም። "ለኔ እንኳ?"

ስልኩን እጄ ላይ ትታ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓዳ ሄደች።

እኔ ፎቶውን ጠጋ አድርጌ አየሁት። ጣቶቿን ትንሽ ከፈት አድርጋለች። በመሃላቸው አንድ ዓይን...

ጓዳ ውስጥ ውሃው ሲንሿሿ፣ ያ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ጓዳው ዞረ።