የአባቷ ወንበር መደገፊያ

ሂቦ ካቻቪቴውን አንድ ዙር ጨምራ አጠበቀችና የወንበሩን የራስ መደገፊያ በሁለት እጇ ወደ ላይም ወደ ታችም ገፋችው። ንቅንቅ አላለም።

«አሁንስ፣ አባ?» አለች።

አባቷ ባርኸድ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን መደገፊያው ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። «ማሻ አላህ፣ ተስተካክሏል» አለ። ከሁለት ቀን በፊትም እንዲሁ ብሎ ነበር።

ባርኸድ ሃያ ዓመት ሙሉ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው። ከአራት ዓመት በፊት መኪናው ተገልብጦ አንገቱ ተጎዳ። አዲስ አበባ ተወስዶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አንገቱ ውስጥ ብረት ገባለትና በእግሩ እየሄደ ተመለሰ። መንዳት ግን በዚያው ቀረ። የጭነት መኪና ማኅበሩ ጓደኞቹ ቢሮ ውስጥ የመኪኖቹን ተራ እየጻፈ እንዲያሰማራ አደረጉት፤ ራስ መደገፊያ ያለው ወንበርም ፈልገው አመጡለት። አንገቱ ጭንቅላቱን ብዙ ሰዓት መሸከም ስለማይችል ያለዚያ ወንበር መሥራት አይሆንለትም።

ካለፈው ወር ጀምሮ ግን መደገፊያው አልረጋ አለ። ባርኸድ እንደሚለው፣ አንገቱ ጋ አስተካክለው ያሰሩት መደገፊያ በሁለት በሦስት ቀኑ ወደ ላይ እየሸሸ ከጭንቅላቱ በላይ ይገኛል። የድሮ ባልደረባው ሽመክት መጀመሪያ ብሎኑን ቀየረለት፣ ቀጥሎ ሮንዴላ ጨመረበት፣ በመጨረሻም የባጃጅ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ በመሀል አስገባበት።

«አቦ፣ የላላ ነገር ወደ ታች ነው የሚወርደው» አለ ተስፋ ቆርጦ። «ወደ ላይ የሚወጣ ያየሁት ይሄን ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው የሂቦ ሆነ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አባቷ ቢሮ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታጠናለች፤ መደገፊያው ሲሸሽ ደግሞ ብሎኑን ፈትታ ዝቅ ታደርገዋለች። ሽመክት ያለው ነገር ግን ከአእምሮዋ አልወጣም ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ብሎኑን አጥብቃ ከመሄዷ በፊት መደገፊያውን የያዘው ዘንግ ወንበሩ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ቀጭን መስመር አሰመረች። ምን ያህል እንደሚሸሽ ለክታ ለሽመክት ልትነግረው አስባ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ስትመጣ ሙቀቱ ገና አልበረደም። አባቷ ጭንቅላቱን ወደ ደረቱ ደፍቶ ተቀምጧል፤ መደገፊያው ከጭንቅላቱ በላይ ባዶውን ቆሟል። «ይኸው ዛሬም ሸሸ» አላት።

ሂቦ ከወንበሩ ኋላ ሄዳ ተንበረከከች። መስመሩ ካሰመረችበት ቦታ የፀጉር ያህል እንኳ አልራቀም። ዘንጉን ልብ ብላ አየችው። ከወር በፊት አንድ ስንዝር ያህል ይታይ የነበረው ብረት አሁን ከሞላ ጎደል ወንበሩ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ያስገባችው ደግሞ እሷው ራሷ ነበረች።

«አባ፣ መደገፊያው አልተንቀሳቀሰም» አለች። «ወደ ታች የምትወርደው አንተ ነህ።»

ባርኸድ በሩን እንድትዘጋው ነገራት። ስትመለስ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አሳያት። ጣቶቹ ከደነዘዙ ወር አልፏቸዋል። እስክሪብቶ ስለማይዙለት የመኪኖቹን ተራ የሚጽፉለት ሾፌሮቹ ናቸው። ወገቡም እየከዳው፣ ሳያውቀው ተንሸራትቶ ራሱን ያገኘዋል።

«ሐኪሙ እጅህ ከደነዘዘ አንድ ቀን አትጠብቅ ብሎህ አልነበር?» አለች ሂቦ።

«ሐኪሙ የስምንተኛ ክፍል ልጅ የለችውም» አለ ባርኸድ። «እናትሽ ከሰማች በማግስቱ ይዛኝ አዲስ አበባ ነው። ታናናሾችሽ አንቺ ላይ ይወድቃሉ። በምን ጊዜሽ ልታጠኚ ነው? አስራ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረሽ፣ ልጄ። እስከዚያ ወንበሩ ነው እንበል።»

ሂቦ ካቻቪቴውን አንስታ ብሎኑን ፈታች፤ መደገፊያውን አባቷ ጭንቅላት ጋ አድርሳ መልሳ አጠበቀችው። ባርኸድ በግራ እጁ እጇን ያዝ አድርጎ ለቀቃት።

ወደ ቤት የሚወስዳት ባጃጅ ውስጥ ገብታ የሳይንስ ደብተሯን ገለጠች። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ምንም አልገባትም። አስራ አንድ ቀን ማለት መደገፊያውን ቢያንስ ሌላ አራት ጊዜ ዝቅ ማድረግ ነው ብላ አሰበች። ዘንጉ ግን ከዚህ በኋላ የሚወርድበት ቦታ የለውም። አባቷ ይቆጣ ይሆናል። ከመቆጣቱ ይልቅ የሚያስፈራት ማዘኑ ነው፤ እስከ ዛሬ ምስጢሩን አውጥታበት አታውቅም።

«ሳቢያን ነሽ አይደል?» አላት ባለባጃጁ የቤቷን ሰፈር ጠርቶ።

ሂቦ ደብተሩን ዘጋች። «አይ፣ ቀፊራ አውርደኝ» አለችው።

እናቷ ሀሊሞ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ሂቦ ስትደርስ ለአንዲት ደንበኛ ሄል እየሰፈረች ነበር። ልጇን በዚያ ሰዓት ገበያ ውስጥ በማየቷ ተገርማ፣ ሥራዋን ሳታቋርጥ ስለ ወንበሩ ጠየቀቻት፤ ዛሬስ እሺ ብሎ ዋለ ወይ አለቻት።

ሂቦ ደንበኛዋ ቅመሟን ተቀብላ እስክትሄድ ጠበቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ በጆንያዎቹ መሀል አልፋ እናቷ ጎን ተቀመጠች።

«ሆዮ» አለች እናቷን፣ «ወንበሩ ምንም አልሆነም።»

ሀሊሞ የልጇን ፊት አየች። መስፈሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሂቦም ከደነዘዙት ጣቶች ጀምራ ነገረቻት።