ሠላሳ ሁለት ዲግሪ

ኢፍራህ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሲሚንቶ ወለል ላይ ተንበርክካ እጇን ከሑመድ የክፍል ሞዴል ሥር ሰደደች። ጣቷ እርጥብ ነገር ነካ። አውጥታ አየችው፤ ውሃ ነው።

«ያዝኩህ!» አለች በሆዷ።

ከትናንት ጀምሮ ጠርጥራው ነበር። በትናንትናው ሙከራ እሷና ጓደኛዋ ሒቦ የሠሩት ሞዴል ውስጡ ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ ሲሆን የሑመድ ሠላሳ ስድስት ነበር። ግቢው ራሱ አርባ ሁለት ነው። የሑመድ ጣሪያ እናቱ የሠራችው የዘንባባ ሰሌን የተነጠፈበት አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። በሰሌን ስድስት ዲግሪ ይወርዳል? ኢፍራህ ሌሊቱን ሙሉ ብታሰላው አልወርድ አላት። ሑመድ ደግሞ ከታጁራ ወደዚህ ወደ ባልባላ ሰፈር ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሒሳብ አንድ ቀን እንኳ በልጧት አያውቅም።

የውድድሩ ደንብ አጭር ነበር። ለየቡድኑ አንድ ሜትር የሚረዝም የኮምፔንሳቶ ሳጥን ታድሏል፤ የስድስት ቁጥር ክፍል ትንሽ ግልባጭ ነው። ጣሪያውን መሥራት የተማሪዎቹ ፋንታ ነው። ውሃ ክልክል፣ በረዶ ክልክል፣ መብራት ክልክል፤ ጥላና ንፋስ ብቻ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዳኛው ቴርሞሜትሮቹን ያነባሉ። ከሁሉም የቀዘቀዘው ሞዴል ጣሪያ በመጪው ክረምት በእውነተኛው ስድስት ቁጥር ክፍል ላይ ይሠራል።

ስድስት ቁጥር የታናሽ ወንድሟ የዋይስ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ኸምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ንፋስ የተነሳ ዕለት ዋይስ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቁጥር ሲቆጥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ኢፍራህ ናት አዝላ ቤት ያደረሰችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ጣሪያችን አለቀ?» እያለ ይጠይቃታል። ለዚህ ነው ማሸነፍ ያለባት።

«ምን ጠፋብሽ?»

ሑመድ ከኋላዋ ቆሟል።

«ምንም።»

«ከትናንት ጀምሮ ዕቃዬን እንደ ጉምሩክ ትፈትሺብኛለሽ። ወይ ጉድ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

ኢፍራህ ተነስታ ቀጥ ብላ ወደ መምህር ኤልሚ ሄደች።

«መምህር፣ ሑመድ ሞዴሉ ሥር ውሃ ደብቋል።»

«አይተሽ ነው ጠርጥረሽ?»

«በእጄ ነክቼ ነው!» ብላ ጣቷን ዘረጋች። ሙቀቱ ቀድሟት አድርቆታል። መምህር ኤልሚ ግን ተከትለዋት መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። ከሑመድ ሞዴል ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ መዳፍ የሚያህል ውሃ ተጠራቅሟል። ፊታቸው ተለወጠ።

«ሑመድ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አላውቅም መምህር! እናቴ ትሙት አላውቅም!»

«እናትህን ተዋት። ዳኛው ሲመጡ እነግራቸዋለሁ፤ ከውድድሩ ትወጣለህ።»

ሑመድ መምህሩን ሳይሆን ኢፍራህን አያት። እሷ ግን ደስ አላት። ቅንጣት አላፈረችም፤ እንዲያውም ቀለል እያላት ወደ ራሷ ሞዴል ተመለሰች። ሒቦ እዚያ ቆማ የቆርቆሮውን ጠርዝ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

«ሰማሽ? ነቄ አልኩበት!»

ሒቦ አልሳቀችም። «አቦ፣ ምን አስቸኮለሽ? ተይው ልጁን። እሱን ሳናስወጣም እናሸንፋለን።»

«በምን ተአምር? በሦስት ዲግሪ ይበልጠናል'ኮ!»

«ዛሬ አይበልጠንም።»

ኢፍራህ በሞዴሉ ትንሽ መስኮት አጮለቀች። ሠላሳ ሁለት። ልቧ ዘለለ፤ ሒቦን አንገቷን አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራት። ከዚያ ትናንት ትዝ አላት። ትናንት ሠላሳ ዘጠኝ ነበር።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ጠዋት ሳትመጪ የላይኛውን ቆርቆሮ ትንሽ ከፍ አደረግኩት፤ ንፋስ እንዲገባ» አለች ሒቦ። ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነበር።

ጣሪያው ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ በመሃላቸው አራት ጣት ክፍተት አለ። ክፍተቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ኢፍራህ ራሷ በእርሳስ ምልክት አድርጋበታለች። አየችው። ቆርቆሮው ምልክቱ ላይ ነው፤ አንድ ጣት አልተነሳም።

ቀስ ብላ ወደ ታች አየች። ከራሳቸው ሞዴል ሥር እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ወጥቷል። የግቢው ወለል ወደ ሑመድ በኩል ያዘነብላል። ክሩ ጥቂት ከሄደ በኋላ ፀሐዩ ላይ ይደርቅና ይጠፋል፤ ተከትሎት አዲስ ይመጣል፤ ከመጣውም ጥቂቱ ሳይደርቅ አምልጦ የሑመድ ሞዴል ጥላ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይጠራቀማል።

የሒቦ እናት ለሰፈሩ በፌስታል የተቋጠረ በረዶ ይሸጣሉ።

«ሒቦ፣ ከሞዴሉ ወለል ሥር ምን አለ?»

«ቀስ በይ!»

«ምን አለ?»

«ሁለት ፌስታል በረዶ» አለች ሒቦ በሹክሹክታ። «ላንቺ ብዬ ነው። ‹ዋይስ፣ ዋይስ› እያልሽ ስንት ቀን አለቀስሽብኝ? ይኸው ጣሪያው ሊሠራለት ነው። ማንም አያውቅም፣ ወላሂ።»

«ሑመድስ?»

«ሑመድን ያሳጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ትንፍሽ ብያለሁ?»

እውነት ስለሆነ አመማት። ወዲያው የግቢው በር ተከፈተና ዳኛው ኢንጂነር ጣሂር ላባቸውን እየጠረጉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ገቡ።

«ቶሎ ቶሎ ልጆች! ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከተማ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሰው አታገኙኝም።»

ልጆቹ ሳቁ። ኢንጂነሩ በየሞዴሉ እያጎነበሱ አንብበው ጻፉ። አርባ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ። የሑመድ ጋ ሲደርሱ መምህር ኤልሚ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ተናገሩ። ኢንጂነሩ ወደ ታች አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ስሙ ላይ በእርሳስ ሰረዙበት። ሑመድ ሰሌኑን ከጣሪያው ላይ አንስቶ መጠቅለል ጀመረ።

«ሠላሳ ሁለት!» አሉ ኢንጂነር ጣሂር የእነ ኢፍራህ መስኮት ላይ አጎንብሰው። «የማን ሥራ ነው? ጎበዞች! የእኔ ቢሮ እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም። በቃ፣ ስድስት ቁጥር ላይ የምንሠራው ይኼንኑ ነው።»

ከግቢው ማዶ የስድስት ቁጥር ልጆች በአንድ ድምፅ ቁጥር ይቆጥራሉ። ኢፍራህ ወደዚያ ዞረች። ሁለቱ ቆርቆሮዎች እዚያ ላይ ተመትተው ታዩዋት፤ በመሃላቸው አራት ጣት ክፍተት፣ ከሥራቸው አርባ ልጅ። ከልጆቹ እግር ሥር በረዶ የለም። የሒቦ እናት በየቀኑ መጥተው አይደረድሩላቸውም። ዋይስ «ጣሪያችን አለቀ» እያለ ይገባል፤ ከዚያም ኸምሲን ይነሳል።

«አንዴ ይቆዩ፣ ኢንጂነር» አለች።

ጎንበስ ብላ የሞዴሉን ወለል ሳበች። ከሥሩ ሁለቱን ፌስታሎች አወጣች፤ ግማሽ ሟሙተዋል፤ አንደኛው ቋጠሮው ላልቶ ይንጠባጠባል።

«ሑመድ ጋ ያለው ውሃ ከዚህ የሄደ ነው። እሱ ምንም አላደረገም። ያሳጣሁት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሩ እርሳሳቸውን ከወረቀቱ አነሱ።

«በረዶውን ማነው ያስገባው?» አሉ መምህር ኤልሚ።

ሒቦ ትንፋሿን ዋጠች።

«ሞዴሉ የሁለታችንም ነው» አለች ኢፍራህ።

«እንግዲያው ሁለታችሁም ወጥታችኋል» አሉ ኢንጂነሩ።

«እሺ። ግን ቴርሞሜትሩን ይተዉልን። ሳይመዘገብ። ያለ በረዶ ስንት እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ኢንጂነር ጣሂር ሰዓታቸውን አዩ፤ እሷን አዩ። «ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ልትቀመጪ ነው? ያንቺ ጉዳይ» አሉና ላጲሳቸውን እየፈለጉ ወደ ሑመድ ተመለሱ።

ኢፍራህ ሞዴሉ አጠገብ ተቀመጠች። ሑመድ ሰሌኑን መልሶ እየዘረጋ ነው።

«ሑመድ፣ ይቅርታ።»

ሑመድ የሰሌኑን ጠርዝ አስተካከለ።

«ሰሌኑ ቆርቆሮውን ይነካዋል?»

«አይነካውም» አለ ሑመድ፣ ዞር ሳይል። «እንጨት አጋድሜበታለሁ፤ ንፋስ በመሃላቸው ያልፋል። ከፈለግሽ መጥተሽ እይ። ዛሬ ጉምሩክ ዝግ አይደለም።»

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አራት ደረሰ፤ ከዚያ ሠላሳ አምስት። ሒቦ ፌስታሎቹን ከአጥሩ ማዶ አፍስሳ መጣችና ከኢፍራህ ጎን ቁጭ አለች። ጥላዋ ጣሪያው ላይ ወደቀ።

«ጥላሽን አንሺ» አለች ኢፍራህ።

ሒቦ ተነስታ በሌላው ወገን፣ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች።