የክሩዝ ሚስት መበለት አይደለችም

ሳሃያ የአባቷን መሞት የሰማችው ከሚኒባስ በወረዱ ጎብኚዎች መሃል ቆማ ነው። አባቷ በዚያች ሰዓት ከባሕር ተመልሶ፣ ዓሣውን ሸጦ፣ ቤቱ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተዘርሮ እያንኮራፋ ነበር።

«እዚያ የተቀመጡትን እናት አያችኋቸው?» ይላል አስጎብኚው በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባላቸው አንድ ቀን ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። አልተመለሰም። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ፀጉራቸውን እዩት፣ አንድ አበባ የለውም። በኛ አገር አበባ የማትሰካ መበለት ናት።»

እኚያ እናት የሳሃያ እናት አማሎር ናት። መጠበቁንስ ትጠብቃለች፤ ግን ባሏን አይደለም። የምትጠብቀው አሸዋው ላይ ያሰጣችውን ዓሣ ነው፣ ከቁራ። አበባ የማትሰካው ደግሞ ጃስሚን ሲሸታት ማስነጠስ ስለሚጀምራትና ራሷን ስለሚፈልጣት ነው። የጋብቻ ሐብሏ እንደሆነ ከሳሪዋ ሥር ደረቷ ላይ አለ። ያንን ለማወቅ ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንዲት ጎብኚ እንባዋን እየጠረገች ሄደችና አማሎር ጭን ላይ የሩፒ ኖት አስቀመጠች። አማሎር ገዢ መሰለቻት። ደህና ደህናውን ዓሣ መርጣ በጋዜጣ ጠቀለለችና ሰጠቻት። ሴትዮዋ የደረቀውን ዓሣ ታቅፋ እንደ አዲስ አለቀሰች።

የሳሃያ ደም ፈላ። ይበልጥ ያንገበገባት ግን አስጎብኚውን ማወቋ ነው። ማወቅ ብቻም አይደለም፣ ትወደዋለች።

ሳቫሪሙቱ የሚባለውን ይህን ሰው ያገኘችው በሕንድ ደቡብ ጫፍ፣ ካንያኩማሪ ከተማ፣ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ባለው የዛጎል ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ነበር። ድንገት የጣለ ዝናብ ጎብኚዎቹን እንደበሰበሱ ወደ ሱቋ አስገባቸው። እሱም ጊዜ አላጠፋም፤ አንድ ትልቅ የቀንድ አውጣ ዛጎል አንስቶ የአንድ ሽማግሌ ጆሮ ላይ ለጠፈና ዛጎሉ የተወለደበትን ባሕር ድምፅ እንደሚያሰማ ይተርክ ጀመር። ሳሃያ ከባንኮኒው ኋላ ሆና በታሚልኛ፣ የያዘው ፕላስቲክ መሆኑን፣ የተወለደውም ፋብሪካ ውስጥ መሆኑን ነገረችው። እሱ ዞር እንኳ ሳይል «እንግዲያው የፋብሪካውን ድምፅ ይስሙ» አላት። በሳቅ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ጎብኚ ባመጣ ቁጥር ጎራ ይላል። ግንቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እሱ ሲያወራ እሷ ባሕሩን የምታይ እየመሰለች ጣቶቹን ታያለች። ዝም ካለ ደግሞ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ያኔ እሱም አያወራም። በእውነቱ ከሆነ የወደደችው ምላሱን ነው። የእንጨቱን ቤተ መንግሥትም፣ ባሕር ዳር ያለውን አሮጌ ምሽግም፣ የሦስቱን ባሕሮች መገናኛም በእሱ አፍ ስትሰማ ዕድሜዋን ሙሉ ያላየቻቸው ይመስላታል። አባቷ ቁጡ ዓሣ አጥማጅ መሆኑን ነግራዋለች። እሱም ከደብሩ በዓል በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶላታል። መንደሯ የትኛው እንደሆነ ግን እሷም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቃት። የጉዞው መጨረሻ የምትሆነው ጸጥ ያለች የባሕር ዳርቻ የእሷው ደጅ ትሆናለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በዚያ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ስለነበር ነው በጊዜ ወደ ቤቷ የመጣችው።

«ሳቫሪ» አለችው ከጎብኚዎቹ መሃል።

ፊቱ በራ። «ሳሃያ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አባቴን ልቀብር መጣሁ።»

መጀመሪያ አልገባውም። እሷን አየ፣ ቀጥሎ አሸዋው ላይ የተቀመጠችውን አማሎርን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። የሁለቱ ግንባር፣ የሁለቱ አፍንጫ አንድ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳላስተዋለ እሱም ግራ ገባው።

«እናትሽ ናቸው?» አለ።

«እናቴ ናት። አባቴ ተኝቷል። ቀስቅሼ ላምጣልህ?»

ጠይቄያቸው ነበር እኮ ብሎ ማለ። በዝናቡ ወራት አጠገቧ ቁጭ ብሎ፣ ባለቤትዎ ማን ይባላሉ፣ የት ናቸው ብሎ በአክብሮት ጠይቋታል። በዚያ መንደር ግን ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ከጠራችው ዕድሜው ያጥራል ይባላል። አማሎር ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ያ ስም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ከንፈሯን ገጠመችና በአገጯ ወደ ባሕሩ ጠቆመች። ባሏ ክሩዝ ያን ጊዜ እውነትም ባሕር ላይ ነበር። የሳቫሪ ወላጆች ደግሞ ከባሕር ርቆ ባለው በዲንዲጉል ጃስሚን አብቃዮች ናቸው። በእነሱ አገር ባል ያላት ሴት ፀጉሯን ባዶ አድርጋ ከደጅ አትወጣም። ባዶውን ፀጉር አየ፣ ዝምታውን አየ፣ አገጯን አየ፣ በቃ፣ ሰውየውን አሰመጠው።

«ዝም ሲሉኝ እኮ፣ ደግሜ ብጠይቅ ቁስላቸውን የምነካ መስሎኝ ነው» አለ።

«ደግመህ ብትጠይቅማ ዓሣ ትገዛለህ ወይ ትልህ ነበር። አንተ ግን የፈለግከው መልሱን አይደለም። ያ ሁሉ ባሕር፣ ያ ሁሉ ፀሐይ አልበቃህ ብሎ የእናቴን ሐዘን ታስጎበኛለህ። እሱንም የፈጠርክላት አንተው ነህ።»

ሳቫሪ ወደ ጎብኚዎቹ ዞሮ እውነቱን ተናገረ። ሴትዮዋ በሕይወት ያለ ባል እንዳላቸው፣ ታሪኩን እሱ ከራሱ አውጥቶ እንደፈጠረው፣ ይቅርታም እንደሚጠይቅ ነገራቸው። ደስ ያለው ሰው አልነበረም። አንዱ የተታለለ ያህል ተቆጣ። ያቺ ዓሣ የታቀፈችው ሴት ደግሞ «ፊቷ ላይ እኮ ሐዘን ይታያል» ብላ ተከራከረች። የጉዞ ድርጅቱ ባለቤት ወሬው በደረሰው በማግሥቱ ሳቫሪን ከሥራም፣ ከሚያድርባት ክፍልም አስወጣው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን መንደሩ ሰማ። ከክሩዝ ጋር መረብ የሚስቡት ሁለት ሰዎች፣ የሳሃያ አጎት ሎርዱ እና የሎርዱ አማች፣ ከዚያን ዕለት በኋላ ጀልባዋን አንነካም አሉ። ሎርዱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጆች አሉት። ክሩዝ በዚህ ዳርቻ ላይ በየቀኑ ለቅሶ ሲለቀስለት የከረመ ሰው ነው፣ ባሕሩም ሲሰማ ከርሟል፣ ከእሱ ጋር ወጥቼ ባሕሩ የሚጠይቀውን ዕዳ አልከፍልም አለ። ቄሱ መጥተው ጀልባዋን ጠበል ረጩ። ሎርዱ ተንበርክኮ ተባረከና ወደ ቤቱ ሄደ።

ክሩዝ ብቻውን መውጣት አይችልም፤ አንድ ሰው ሞተሩን ሲይዝ ሌላው መረቡን መሳብ አለበት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሌሎቹ ጀልባዎች ሲወጡ እሱ አሸዋው ላይ ቆሞ ያያል። በገዛ መንደሩ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅለት ጀመር፣ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው።

አንድ ቀን አማሎር ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። የሎርዱ በር ላይ ሄዳ ቆመችና ጎረቤት ሁሉ እየሰማ «ክሩዝ በሕይወት አለ፤ ክሩዝ ባሌ ነው፤ ክሩዝ ከናንተ ሁሉ የተሻለ አጥማጅ ነው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስሙን የጠራችው፣ ያውም ሦስቴ። ሎርዱ አማተበ። አሁንማ ጭራሽ የሚቀርበው ሰው ጠፋ።

ሳሃያ ወደ ግንቡ መሄድ ተወች። ሳቫሪ ሱቁ በር ላይ ሲቆም ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ማታ ግን ድምፁ ይናፍቃታል፣ መናፈቋም ያናድዳታል። አባቴን በቁሙ ለገደለ ሰው የሚባባ ምን ዓይነት ልብ ነው እያለች ራሷን ትራገማለች።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሳቫሪ ራሱ ቤታቸው መጣ። ሽማግሌ አላስከተለም። ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«የገደልከኝ አንተ ነህ?» አለው ክሩዝ።

«አዎ አባባ።»

«ታዲያ ምን ቀረህ?»

«ነገ ከእርስዎ ጋር ልውጣ። መረቡን እስባለሁ። ወጥተን ስንመለስ ያዩናል።»

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

ክሩዝ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ሳሃያ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ሆና «አባዬ፣ እንዳትወስደው» አለች።

«ለምን? ጠልተሽው የለም እንዴ?»

ሳሃያ ወደ ምድጃው ዞረች። አማሎር ግን ከልጇ ፊት ላይ መልሱን አየችው።

ጎህ ሲቀድ ወጡ። መንደሩ እንዳለ ወጥቶ አየ፣ የረዳቸው ግን የለም። ጀልባዋን ወደ ማዕበሉ የገፏት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሳሃያ ከቤት አልወጣሁም፣ አላየሁም ለማለት በመስኮት ነው ያየችው።

ቀትር ላይ ሌሎቹ ጀልባዎች ተመለሱ። ነፋሱ በረታ። ሳሃያ እናቷ ዓሣውን ከቁራ ወደምትጠብቅበት ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ባሕሩን እያየች ሳቫሪን በልቧ ሰደበችው፣ ቀጥሎ አባቷን ሰደበች፣ ቀጥሎ ሎርዱን። ስድቡ ሲያልቅባት ፍርሃቱ መጣ። ከሱቁ የዝናብ ቀን ጀምሮ ያየችው ሁሉ በዓይኗ ሄደ። ይቅር ሳትለው መሄዱን ስታስብ የእናቷን ሳሪ ጫፍ ያዘች።

ሚኒባሱ የመጣው ያኔ ነው። ያው ድርጅት፣ ያው መንገድ፣ አዲስ አስጎብኚ። ሰዎቹን አሸዋው ላይ ደረደረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ታሪኩ ሥራውን ሲሠራ የኖረ ስለሆነ ድርጅቱ አልጣለውም ነበር፤ እንዲያውም አሁን ልጅ ተጨምሮበታል። እናትየው ባሏን፣ ልጅቷ እጮኛዋን ትጠብቃለች እያለ ነው።

ሳሃያ ብድግ አለች። ግን ውሸታም ልትለው አልቻለችም። ሰውየው ሳያውቀው ግማሹን እውነት ተናግሯል። ይሄ ነው ከሁሉ ያቃጠላት።

«ጠጋ ብለህ ጠይቀኝ» አለችው በታሚልኛ።

«እህቴ፣ ሥራዬን ልሥራበት።»

እሱን ተወችውና በሱቅ እንግሊዝኛዋ ወደ ጎብኚዎቹ ዞረች። «እዚህ የሞተ ሰው የለም። አባቴ ባሕር ላይ ነው፣ በሕይወት አለ። አብሮት ያለው ሰው ውሸታም ነው፣ ዋናም አይችልም፤ እሱም በሕይወት አለ። ሲመለስ አገባዋለሁ። ከእናንተ አንድ ሰው ቢያለቅስ አሸዋ እበትንበታለሁ።»

ማንም አላለቀሰም። አማሎር ልጇን ቀና ብላ አየቻትና አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። ሳሃያ ተመልሳ ተቀመጠች። እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ያለቀሰችው እሷው ራሷ ናት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጀልባዋ ታየች። ሞተሩ ቆሟል፤ ሁለት ሰው ይቀዝፋል፣ አንደኛው በተሳሳተ በኩል። ማዕበሉ ወደ ጎን ሊገለብጣት ሲል ሎርዱ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባና ጫፏን ያዘ። አማቹም ተከተለው። ከዚያ በኋላ ማን እንዳልገባ መቁጠር ይቀላል።

«ሞተሩ ነው የሞተው» አለ ክሩዝ ወደ ዳር ሲዘል። «እኔ እንደምታዩኝ ነኝ። ነገ የሚወጣ ማነው?»

ሎርዱ ውሃው እየተንጠባጠበበት «እኔ ነኛ» አለ።

ሳቫሪ ከጀልባዋ የወረደው በአራት እግሩ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ መዳፎቹን መረቡ ልጧቸዋል፣ ሆዱ ውስጥ የቀረ ነገር የለም። አሸዋው ላይ ተንበረከከና ቀና ሊል ሲሞክር ፊት ለፊቱ የሳሃያን እግር አየ። ያ ምላሱ አንድ ቃል አልወጣውም።

«ተነስ፣ ቤት እንሂድ» አለችው።

«የማን ቤት?» አለ። እውነትም ቤት አልነበረውም።

«የኛ።»

በዚያ መንደር አንዲት ልጅ በአደባባይ የወንድ እጅ ከያዘች ነገሩ አብቅቷል፤ ሽማግሌ ቢላክ ለወጉ ያህል ነው። ሳሃያ መንደሩም፣ ቄሱም፣ ጎብኚዎቹም እያዩ የተላጠውን እጁን በቀስታ ያዘችና አሸዋውን ይዛው አቋረጠች። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ስትሳደብ ይሰማ ነበር።