በአያ እጅጉ መነጽር ያየኋት

ወላሂ ብዬ ነው የምጀምረው።

የዚህን ቻናል ታሪኮች አነባለሁ እንጂ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ይህ ነገር ውስጤ ተቀምጦ አላስቀምጠኝ አለ...

ሌሊት አይደለም። ጨለማም አልነበረም።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ነው ያየሁት። ቦታው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቋሪት በሚወስደው ጠጠር መንገድ ገባ ብላ ያለች መንደር ናት። ስሟን አልጽፍም። ሰው ይኖርባታል።

ሳቢራ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም፣ ገበያው አጠገብ፣ ትንሽ የመነጽር ሱቅ አለኝ። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ከድር ነው፣ አላህ ይዘንለት። መነጽር፣ ሰዓት፣ ካሜራ... መስታወት ያለበት ነገር ሲበላሽ ሰው ወደ እሱ ነበር የሚያመጣው። አሁን ወደ እኔ ያመጣል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ ሱቄ ገቡ። አውቃቸዋለሁ፤ የማንበቢያ መነጽር ሠርቼላቸዋለሁ። አያ እጅጉ ይባላሉ።

የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

አጭር፣ ጥቁር፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ። የጠመንጃ መነጽር ነበር፤ ዒላማ የሚያቀርበው።

"የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ" አሉ። "ከርከሮ በቆሎዬን ፈጀው። መሣሪያዬ ፈቃድ አለው፣ ዓይኔ ነው የደከመብኝ። እስቲ ዕቃው ደህና እንደሆነ መርምሪልኝ።"

"ምን ሆነብዎት?"

"እኔ ያየሁትን አልነግርሽም ልጄ" አሉ። "አንቺ የምታይውን ንገሪኝ።"

መረመርኩት። ይህ ዓይነቱ እንደሌሎቹ ረጅም አይደለም። ውስጡ ፕሪዝም የሚባል ወፍራም መስታወት አለ፤ ብርሃኑን እሱ ስለሚያጥፈው ነው ያጠረው። የሚያቀርበው ሦስት እጥፍ ነው። ሦስት እጥፍ ብቻ። እንደ ካሜራ የሚያስጠጋ፣ የሚያርቅ ቀለበት የለውም። ዓይንም በደንብ መጠጋት አለበት፤ ትንሽ ከሸሸ ሁሉም ነገር ጥቁር ይሆናል።

በባትሪ ውስጡን አየሁት። ሻጋታ የለም። ጭረት የለም። የለቀቀ ነገር የለም። የሱቄ በር ላይ ቆሜ ማዶ ያለውን የውኃ ታንከር አየሁበት፤ የተጻፈበትን ቁጥር ጥርት አድርጎ አሳየኝ።

"ምንም የለበትም አያ እጅጉ። እንዲያውም ጥሩ ዕቃ ነው።"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ።

"እዚህማ አይታይም" አሉ። "እዚያው መጥተሽ እይልኝ። ንግሥቴ... ባለቤቴ... ከእንግዲህ አልችልም ብላኛለች።"

"ምኑን?"

መነጽሩን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ መልሰው ቋጠሩት።

አባቴ ቢሆን እንቢ አይልም ነበር። እኔም እሺ አልኩ።

በባጃጁ የወሰደን ታናሽ ወንድሜ ሚፍታህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ናዚፋን ሊያገባ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ሠርጉ ያወራል። እኔና አያ እጅጉ ከኋላ ተቀምጠናል።

እሳቸው መንገዱን አያዩም። የሚያዩት የሚፍታህን ትከሻ ነው።

"ጠንካራ ልጅ ነህ" አሉት ድንገት። "እግዜር ያበርታህ።"

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እማማ ንግሥቴ በር ላይ ተቀበሉን። ከስተዋል። የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በሰፌድ አቀረቡልን።

አራት ሰዎች ነን። እሸቱ አምስት ነው።

አራቱን ለእያንዳንዳችን ሰጡን። አምስተኛውን ከግድግዳው ሥር ባለ ባዶ በርጩማ ፊት አስቀመጡት። ሚፍታህ በርጩማውን ሊስበው ሲል እማማ ንግሥቴ እጁን ያዝ አደረጉት።

"እሱ ተይዟል ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

ሚፍታህ በዓይኑ ጠቀሰኝ። አርጅተዋል ማለቱ ነው። እኔም እንደዚያው አሰብኩ...

ማማው ከቤቱ በላይ ነው። ከርከሮና ዝንጀሮ የሚጠበቅበት የእንጨት ቆጥ፣ አራት እግር ያለው። ከፊቱ በቆሎው ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ትንሽ ገደል አለ፤ ከገደሉ ማዶ ደግሞ የግጦሽ ሜዳና አንዲት ብቻዋን የቆመች ግራር።

"መሣሪያውን አያምጡት" አልኳቸው። መነጽሩን ብቻ ጋቢያቸውን አጥፌ ማማው አግዳሚ ላይ አስተኛሁት። ዓይኔን አስጠጋሁ።

በቆሎው። ገደሉ። ሜዳው። ግራሯ...

ከግራሯ አጠገብ ሴት ቆማለች።

ጀርባዋን ሰጥታናለች። አረንጓዴ ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ። እጆቿ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል።

ቀና ብዬ በዓይኔ አየሁ።

ግራሯ ብቻ ናት።

እንደገና በመነጽሩ አየሁ። ቆማለች። ነፋሱ ሣሩን ያስተኛዋል፤ ቀሚሷ ግን አይንቀሳቀስም።

"ያየሽውን ቆይተሽ ትነግሪኛለሽ፤ መጀመሪያ መነጽሩን መርምሪ" አሉ አያ እጅጉ ከኋላዬ።

መረመርኩ። ሥራዬ ነው፤ ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

መጀመሪያ መነጽሩን በቦታው ላይ እንደ ጠርሙስ አሽከረከርኩት። ምስሉ መስታወቱ ላይ ያለ ቆሻሻ ወይም ጥላ ቢሆን አብሮ ይዞር ነበር። የማነጣጠሪያው መስመር ዞረ።

እሷ አልዞረችም።

የፊቱን ሌንስ በመዳፌ ከደንኩት። ጠፋች። እጄን አነሳሁ። ተመለሰች።

ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ አይደለችም። ብርሃኗ ከውጭ ነው የሚገባው። ያቺ ሴት... እዚያ ናት።

"ሚፍታህ፣ ና እይ።"

ወጥቶ አየ። "ምኑን? ዛፍ ነው ያለው።"

"ከዛፏ አጠገብ።"

"ሣር።"

መነጽሩን ተቀብዬ ወርጄ በበቆሎው መሀል ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋሁ። ወደ መቶ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። ቆሜ አየሁ።

ግራሯ ተልቃለች። ስለቀረብኩ ነው፣ ልክ ነው። ቅርፊቷ ሁሉ ይለያል።

ሴትየዋ ግን ያው ናት። ከማማው ላይ ያየኋትን ያህል... አንዲት ጣት አልጨመረችም።

ይህ መነጽር አያስጠጋም፣ አያርቅም። በሱ የሚታይ ነገር የሚተልቀው ስትቀርበው ብቻ ነው።

መቶ ሃምሳ እርምጃ ቀርቤያት አልቀረብኳትም።

ተመልሼ ማማው ሥር ስደርስ ሚፍታህ ይስቃል።

"ሳቢ፣ ተረጋጊ። እኔ እዚያ ሄጄ ልቁምልሽ። ስልክ ደውዬ አወራሻለሁ፣ አንቺ ከላይ ታይኛለሽ።"

አያ እጅጉን ዞሬ አየኋቸው። አትሂድ ይሉታል ብዬ ነው።

ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ሚፍታህ ገደሉን ዞሮ ሜዳው ላይ ወጣ። ማማው ላይ ሆኜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ፣ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አድርጌያለሁ።

"ደርሻለሁ። የት ልቁም?"

"ከዛፏ በስተግራ... ወደ ግራህ።"

"እዚህ?"

"ትንሽ።"

"አሁንስ?"

አሁን አጠገቧ ነው። ትከሻ ለትከሻ። ቁመቷ ከሱ እኩል ነው።

"ምን ይታይሃል?" አልኩ በሹክሹክታ። ለምን እንደማንሾካሽክ አላውቅም።

"ምንም። ሜዳ ነው እኮ።"

"ተመለስ።"

"ቆይ እስቲ ፎቶ ላንሳ—"

"ሚፍታህ፣ ተመለስ።"

ያኔ ተንቀሳቀሰች። ቀስ ብላ ወደ እሱ መዞር ጀመረች። ፊቷ ሊታየኝ ሲል ደንግጬ ዓይኔ ሸሸ፤ መነጽሩ ጥቁር ሆነ። እንደገና ቦታውን ፈለግኩ። ጥቁር... ጥቁር... ብርሃን።

ከጀርባው ቆማለች።

ግንባሯን ትከሻው ላይ አሳርፋለች። ደክሞት እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው።

"ሳቢ" አለ በስልኩ። "እዚያ ነፋስ አለ?"

"አሁንማ ቆሟል። ለምን?"

"እንጃ። ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ።"

አያ እጅጉ ከጎኔ መጥተው መነጽሩን ከእጄ ወሰዱ። ራሳቸው አዩ። ግራሯን አዩ፣ ሜዳውን አዩ፣ በቆሎውን አዩ። ረጅም ጊዜ።

ከዚያ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ የለውም፣ እንባ ብቻ።

"ይቅር በይኝ" አሉ።

"ማን ናት አያ እጅጉ?"

"ብናውቃት ስሟን ጠርተን እንሸኛት ነበር።"

ሚፍታህ ሲመለስ ደህና ነበር። እማማ ንግሥቴ ከቤት ወጡ። ከመጣን ጀምሮ ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። ከበርጩማው ፊት የነበረውን እሸት አንስተው በሁለት እጃቸው ለሚፍታህ ሰጡት።

"ለመንገዳችሁ" አሉ።

እሱንና እኔን አላዩም። የሚያዩት ከኋላው ነበር።

መነጽሩን አያ እጅጉ እጄ ላይ አስጨበጡኝ። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም አሉ። ልመልስላቸው ስል ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉት።

ስንሄድ ሦስት ነበርን። ስንመለስ ሁለት። ባጃጇ ግን ስንሄድ በቀላሉ የወጣችውን ዳገት ስንመለስ በግድ ወጣችው። ሚፍታህ ወርዶ ጎማዎቹን አየ።

"አየራቸው ደህና ነው" አለ። "ምን ሆነች?"

ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ ትከሻውን ያሻል። ሐኪም ቤት ሄደ፤ ምንም የለብህም አሉት። ማታ ማታ ደግሞ አንድ ነገር ያማርረኛል።

"ሰው እጁን አያነሳልኝም ሳቢ። አጠገባቸው እቆማለሁ፤ ወደ ውስጥ ያዩና ሌላ ባጃጅ ይጠብቃሉ።"

አንድ ቀን አንዱን ጠይቆት ነበር። "ጭነህ የለ እንዴ?" ብሎት ሄደ።

በሁለተኛው ሳምንት ለአያ እጅጉ ደወልኩ። ያነሱት እማማ ንግሥቴ ናቸው። ከጀርባቸው ሳቅ ይሰማል፤ እንግዳ አለባቸው።

"እማማ፣ ምን አደረጋችሁን?"

"ልጄ፣ እኛም ዘንድ በሰው ጀርባ ነው የመጣችው" አሉ። "ሦስት ዓመት ሙሉ።"

"እንዴት ትሄዳለች?"

"አንቺው አየሽ እኮ።"

ስልኩ ተዘጋ።

ብዙዎቻችሁ ለምን በመነጽሩ ወንድምሽን አታይውም ትሉኛላችሁ። ሱቄ ውስጥ፣ መሳቢያ ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ አውጥቼዋለሁ። ዓይኔን ማስጠጋት ግን አልቻልኩም። በስልክ ወደ ግራህ ያልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ። አጠገቧ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ለሚፍታህ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ሠርጉን ልበጥብጥበት? ቢጠይቀኝስ... ማን ላይ ላሻግራት ነው?

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ሚፍታህ ባጃጁን ሱቄ በር ላይ አቆመ። ናዚፋን ልብስ ሰፊ ጋ ሊያደርሳት ነው። መንገዱ በጋሪና በሰው ተሞልቷል። ፀሐይ ነው። እኔ የአንዲት ደንበኛ መነጽር እየጠረግኩ በመስኮቱ አያለሁ።

ናዚፋ እየሳቀች መጣች። ስለ ነገሩ የምታውቀው አንዳች ነገር የለም። ሰላም አለችኝ፣ ልትገባ ጎንበስ አለች...

ቆም አለች።

ሻርፗን አስተካከለች። ሰው ፊት እንደሚደረገው፣ በትሕትና ፈገግ አለች።

"ጠጋ በይልኝ እህቴ" አለች።

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ገብታ መቀመጫው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለች፣ አንድ እግሯ ወደ ውጭ ሊወጣ እስኪደርስ። የቀረው ወንበር ባዶ ነው።

ሚፍታህ ሳይዞር ሞተሩን አስነሳ። እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው። ናዚፋ አንገቷን ወደ ባዶው ወንበር አዘንብላ፣ የሚነገራትን በጥሞና እየሰማች ነበር።